የመጨረሻው ሰው ሳይደርስ ማንም አልደረሰም



የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለዚህ ጁሙዓ ላደረሰን አላህ ምስጋና ይገባው። ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛት ዛሬም አይረሳ።

የዛሬው ርዕሳችን ተራራ ነው። ገርሟችሁ ይሆናል፤ ግን ታገሱኝ፣ ጉዳዩ የተራራ ብቻ አይደለም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ወጣቶች በቡድን ሆነው ተራራ መውጣት ለምደዋል። ማሻአላህ፣ ጥሩ ልማድ ነው። ከስልክ ያላቅቃል፣ ሰውነትን ያጠነክራል፣ የአላህን ፍጥረት ያሳያል። ብዙዎቹም ሩቅ ዓላማ አላቸው። ሰሜን ተራሮች ላይ ለቀናት በእግር ተጉዞ ራስ ዳሸንን መውጣት፣ ወይም ባሌን ማቋረጥ። እዚያ ለመድረስ ደግሞ ልምምድ ያስፈልጋል። መጀመሪያ እንጦጦን ይወጣሉ። እንጦጦ ሲቀልላቸው ከበድ ያለ ይፈልጉና አንኮበርን ያስባሉ።

ጥያቄው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ሆናችሁ ወጣችሁ እንበል። ሦስቱ ብርቱዎች ናቸው፣ ከፊት ይሄዳሉ። አንዱ ደግሞ ዳገቱ መሀል ላይ ጉልበቱ ከዳው። ብርቱዎቹ እሱን የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው? እነሱም እኮ ጊዜና ገንዘባቸውን አውጥተው የመጡት ሊለማመዱ ነው። በእሱ እርምጃ ከተጓዙ የእነሱ ልምምድ ይበላሻል። ታዲያ ፍትሕ የቱ ጋ ነው?

ይህን ጥያቄ "ወንድምህን ጠብቅ፣ አለቀ" ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። ግን ብርቱውም ሐቅ አለው፣ ደካማውም ሐቅ አለው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

በመጀመሪያ ቦታውን እንወቀው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከፍታዋ ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ብርዷም የታወቀ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ አንኮበር ይደረሳል። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበር ደጋው ድንገት ከሚቆረጥበት ጠርዝ ላይ ናት። ከእግራችሁ ሥር ገደሉ ይጀምራል፣ ታች ደግሞ ቆላው ተዘርግቶ እስከ አፋር ድረስ ይሄዳል። ከጠርዙ በታች ባለው ቁልቁለት አልዩ አምባ አለች። ከባሕሩ ዳር፣ ከታጁራ ተነስተው የአፋርን በረሃ ያቋረጡ ቃፊላዎች የሚያርፉባት ጥንታዊት የሙስሊሞች የንግድ ከተማ ነበረች። አርጎባው፣ አፋሩ፣ የሐረር ነጋዴው የሚገናኝባት ማለት ነው።

አሁን የዚህን መንገድ ጠባይ ልብ በሉ። በሌላ ተራራ ዳገቱ ይቀድማል፣ ቁልቁለቱ በኋላ ይመጣል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ወርዶ የሚመለስ ሰው ግን ተገላቢጦሽ ነው የሚገጥመው። ጠዋት ትኩስ ሆኖ ይወርዳል። ሁሉም ይስቃል፣ ሁሉም ብርቱ ይመስላል። ቁልቁለት ሸንጋይ ነው፣ የማንንም ድካም አያሳይም። ግን ጭንንና ጉልበትን በዝምታ ይበላል። ከዚያ ፀሐዩ ከበረታ በኋላ፣ ቆላው ሙቀት ውስጥ፣ ኮዳው ሲቀልል፣ ያ ሁሉ የወረዳችሁት ነገር ዳገት ሆኖ ፊታችሁ ይቆማል። የመጨረሻው ሰው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። ማንነታችንም የሚታወቀው ያኔ ነው።

ዑለማኦች ጉዞ በዐረብኛ "ሰፈር" የተባለው የሰውን ጠባይ ገልጦ ስለሚያሳይ ነው ይላሉ። ሰፈር ውስጥ ቤታችን የደበቅነው ሁሉ ይወጣል፦ ንዴታችን፣ ስስታችን፣ ትዕግስታችንም።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ የት ነበሩ? ከፊት? መሀል? አቡ ዳዉድ በዘገቡት ሐዲስ ጃቢር ኢብን ዐብዱላህ (ረ.ዐ) እንደነገሩን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ወደ ኋላ ይቀሩ ነበር። የደከመውን እያበረታቱ ያራምዱታል፣ ከኋላቸው ያፈናጥጡታል፣ ዱዓእም ያደርጉለታል። የሠራዊቱ መሪ፣ የአላህ መልእክተኛ፣ የሚጓዙት መጨረሻ ላይ ካሉት ጋር ነበር።

ይህን የነገሩን ጃቢር መሆናቸውን ልብ በሉ። እኚህ ሶሓባ በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሌላ ታሪክ ላይ ራሳቸው ከኋላ የቀሩ ሰው ናቸው! ከዘመቻ ሲመለሱ ግመላቸው ዛለባቸውና ሰዉ ጥሏቸው ሄደ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ደረሱባቸው። ምን ሆነህ ነው አሏቸው። ግመሉን ነካ አደረጉት፣ እሱም በአላህ ፈቃድ ተነቃቅቶ ከሌሎቹ መቅደም ጀመረ። ከዚያ እየተጓዙ ያወሯቸዋል፤ ስለ ትዳራቸው ይጠይቋቸዋል፣ ስለ ቤተሰባቸው ይሰማሉ። ግመሉንም ገዟቸው። መዲና ሲደርሱ ዋጋውን ጨምረው ከፈሉ፣ ግመሉንም መልሰው ሰጧቸው። ሱብሃነላህ!

እዚህ ውስጥ ያለውን አደብ ተመልከቱ። ጃቢር አልተወቀሱም። "በአንተ ምክንያት ዘገየን" አልተባሉም። ጨዋታው ስለ ድካማቸው ሳይሆን ስለ ሕይወታቸው ሆነ። ገንዘቡ ሲሰጥም በሽያጭ መልክ ነበር፣ ምጽዋት ተቀባይ እንዳይመስሉ። ከኋላ የቀረ ሰው ከእግሩ ይልቅ የሚያመው ፊቱ ነው፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሲያነሱ የጃቢርንም ክብር አብረው አነሱ። ረሱል ከኋላ ይቀሩ እንደነበር የነገሩን ጃቢር፣ ከኋላ መቅረት ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

የዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንገት ጌጥ ታሪክም አለ። ጌጡ በጉዞ ላይ ጠፋ፣ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ሊያስፈልጉት ቆሙ፣ ሠራዊቱም አብሮ ቆመ። ቦታው ውሃ የለውም፣ ሰዉም ውሃ አልያዘም። አቡበክር (ረ.ዐ) ልጃቸውን ተቆጡ። ሰዎቹ ያዘገየቻቸው መሰላቸው። አላህ ግን በዚያ መዘግየት የተየሙምን አንቀጽ አወረደ። ግመሉ ሲነሳ ጌጡ ከሥሩ ተገኘ። ዛሬ ውሃ ያጣ ሙስሊም ሁሉ አፈር ነክቶ የሚሰግድበት እዝነት የመጣው ሠራዊቱ ስለ አንዲት ሴት ጌጥ በቆመበት ሰዓት ነው። "ጊዜያችን ባከነ" የምንልበት ሰዓት አላህ ዘንድ ምን እንደሆነ አናውቅም።

የቀስር ሰላትንም አስቡት። ከአዲስ አበባ አንኮበር 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ እዚያ ሙሳፊር ናችሁ። ዙህርን ሁለት ረከዓ አድርጎ ለመስገድ "ደክሞኛል ወይ?" ተብሎ አይጠየቅም። ብርቱውም ያሳጥራል፣ ደካማውም ያሳጥራል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህ አላህ የለገሳችሁ ሰደቃ ነውና ተቀበሉት ብለው አስተምረዋል። ሸሪዓው ለመንገደኞች አንድ ልክ ሲያወጣ የደከመውን አስቦ አወጣ፣ ብርቱውንም ከዚያ ውጪ አላደረገውም። ዑስማን ኢብን አቢል ዓስ (ረ.ዐ) የሕዝባቸው ኢማም ሲሆኑም የታዘዙት በደካማው ልክ እንዲያሰግዱ ነበር።

አሁን ከእኛ ዓለም ራቅ ወዳለ ቦታ ልውሰዳችሁ፣ ተመሳሳይ ጥያቄ በሕይወትና በሞት መካከል ወደተነሳበት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2006 ኤቨረስት ላይ፣ ከ8,000 ሜትር በላይ፣ ዴቪድ ሻርፕ የተባለ እንግሊዛዊ ተራራ ወጪ ብቻውን ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ ሞተ። በዚያ ቀን 40 ያህል ሰዎች በአጠገቡ እንዳለፉ በጊዜው ተዘግቧል። አንዳንዶቹ የሞተ መስሏቸው ነበር። አንዳንዶቹ ኦክስጅን ሊሰጡት ሞክረዋል። ብዙዎቹ ግን መንገዳቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1953 ከቴንዚንግ ኖርጌይ ጋር ኤቨረስትን መጀመሪያ የወጣው ኤድመንድ ሂላሪ በዚህ ክፉኛ አዝኖ በአደባባይ ወቀሳቸው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በዚያው ተራራ ላይ ሊንከን ሆል የተባለ አውስትራሊያዊ፣ ባልደረቦቹ ሞቷል ብለው ትተውት የወረዱት ሰው፣ ሌሊቱን በሕይወት አድሮ ተገኘ። ያገኙት በዳን ማዙር የሚመሩ አራት ሰዎች ነበሩ። ጫፉ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ቀርቷቸዋል። አየሩ መልካም ነው፣ ጉልበታቸውም አልደከመም። ለዚህች ቀን ብዙ ደክመውላታል፣ ብዙ ገንዘብም አውጥተውባታል። ቆሙ። ጫፉን ተዉት። ሰውየውም ተርፎ ቤቱ ገባ።

እዚያ ከፍታ ላይ የሰው አእምሮ በአየር እጥረት ምን ያህል እንደሚደክም የምናውቅ ሰዎች አይደለንምና ባለፉት ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጥ ግን አንድ ነገር ይታያል። ተራራው ያው ነው፣ ወሩም ያው ነው፣ ድካሙም ያው ነው። የተለየው ሰዎቹ ልባቸው ውስጥ ያስቀደሙት ነገር ነው። እንዲህ ያለው ቅደም ተከተል ደግሞ ኤቨረስት ላይ በደረሱበት ደቂቃ አይፈጠርም። ዝቅ ባሉት ተራሮች ላይ፣ ምንም አደጋ በሌለበት ቀን፣ በትንንሽ መጠበቆች የተሠራ ነው። አንኮበር ላይ ሃያ ደቂቃ መጠበቅ ያቃተው ሰው ሰሜን ተራሮች ላይ ቀኑን ሙሉ ይሠዋል ብዬ እንዴት ልመን?

የልምምድ ትርጉም እዚህ ላይ ነው። ለረጅሙ መንገድ የሚለማመደው ጭናችሁና ሳንባችሁ ብቻ አይደለም፣ ልባችሁም ጭምር ነው። ረጅሙ ጉዞ ላይ ቡድን የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በጉልበት ማነስ ሳይሆን በመተዛዘን ማነስ ነው።

የአካሉን ነገርም እንየው፣ አላህ ሰውነታችንን የፈጠረበት ጥበብ እዚህ ጋር ደስ ይላል። ከ2,500 ሜትር በላይ በፍጥነት የወጣ ሰው በከፍታ ሊታመም ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ይጀምረዋል። እኛ ደጋ ላይ የምንኖር ጥቂት ይቀለናል። ራስ ዳሸን ግን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ እዚያ የሚገኘው ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ካለው ከግማሽ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ይህ ሕመም ስፖርተኛ ነህ አይነህም ብሎ አይመርጥም። ጠንካራ እግር ከእሱ አይጠብቅም። እንዲያውም ብርቱው ቶሎ ስለሚወጣ ለአደጋው የቀረበ ነው። ሐኪሞች የሚሰጡት ምክር ቀስ ብሎ መውጣት ነው። ከ3,000 ሜትር በኋላ የመኝታ ቦታን በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ፣ በየሦስት ወይም አራት ቀኑ ደግሞ አንድ ቀን ማረፍ። ስለዚህ ያ ከኋላ የሚያዘግማችሁ ወንድም ብርቱዎቹን ከራሳቸው ችኮላ እየጠበቃቸው ሊሆን ይችላል። እሱን የምትረዱት ብቻ ይመስላችኋል፣ በእሱ ሰበብ የምትረዱት ግን እናንተም ናችሁ።

አሁን የብርቱውን ሐቅ እንየው፣ ቃል ገብቻለሁና። "ኡስታዝ፣ ሁሌ በደካማው ልክ ከሄድን ማንም አይጠነክርም" የሚል አለ። ቅሬታው እውነት አለው። መልሴ ሦስት ነው።

አንደኛ፦ መምረጥ ከመነሳት በፊት ነው። ከባድ ልምምድ የሚፈልጉ ለብቻቸው ተነጋግረው ለብቻቸው ቢወጡ ምንም ነውር የለውም። ላልበቃ ሰው "ይህ መንገድ ለአንተ ገና ነው፣ መጀመሪያ እንጦጦን ደጋግመህ ውጣ" ማለትም ጭካኔ ሳይሆን ነሲሓ ነው። "ና፣ አብረን እንሂድ" ብላችሁ ሚኒባስ ላይ ካሳፈራችሁት በኋላ ግን ቃል ሆኗል። ከመነሳታችሁ በፊት ምርጫ የነበረው ከተነሳችሁ በኋላ አማና ነው። ግማሽ መንገድ ላይ "እኔ የመጣሁት ለልምምድ ነው" ማለት አማና ማፍረስ ነው።

ሁለተኛ፦ ልምምድ የፈለገ ብርቱ የሚያጣው ነገር የለም። የደከመውን ሰው ሻንጣ ከራሱ ላይ ደርቦ ዳገቱን ይውጣ! ከብዶት ካልተለማመደ እኔን ይውቀሰኝ። ወይም ደግሞ ጫፍ ደርሶ ከመቀመጥ ወደ ኋላ ይመለስ፣ የመጨረሻውን ሰው ይቀበል፣ አብሮት እንደገና ይውጣ። ሌሎቹ አንዴ የወጡትን እሱ ሁለቴ ወጣው ማለት ነው። ያውም አጅር ያለበት። የብርቱ ጉልበት ለምን እንደተሰጠ የሚገባው ያኔ ነው።

ሦስተኛ፦ ኒያችንን እንመርምር። ከፊት መሆን የምንፈልገው በእርግጥ ለልምምድ ነው? ወይስ ከፊት መታየትን ወደነው? ይህን ማንም ለማንም መመለስ አይችልም። ግን አንድ ምልክት አለ፦ ማንም ሳያይህ፣ ስልክህም ሳይቀዳህ ቢሆን ኖሮ በዚህ ፍጥነት ትሄድ ነበር?

በዚህ አጋጣሚ በብዙ ቡድኖች ውስጥ ያለ ሳይታወቅ የሚሠራ አንድ በደል ላንሳ። ብርቱዎቹ ቀድመው ጥላ ሥር ይደርሳሉ። ይቀመጣሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ይበላሉ፣ ይስቃሉ። ሃያ ደቂቃ ካረፉ በኋላ የመጨረሻው ሰው እያለከለከ ይደርሳል። "በቃ መጣ፣ እንነሳ!" ይላሉ። ጠበቁት ይባላል። ግን አስቡት፣ ምንም እረፍት የማያስፈልገው ሃያ ደቂቃ አረፈ፣ እረፍት የሚያስፈልገው አንድ ደቂቃም አላረፈም። በየእረፍቱ እንዲህ ከሆነ ብርቱው እየታደሰ፣ ደካማው እየተሰበረ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይም "አልቻለም" ይባላል። አልቻለም ወይስ አላስቻሉትም? እረፍት የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ይህ ፍትሕ ነው፣ ችሮታ አይደለም።

ከአንኮበር ታሪክ አንድ የሚያሳዝን ነገርም አብሮ ይታሰበን። በዚያ መንገድ ጨውና ቡና ብቻ አልተጓዘም። ከአንኮበር ብዙም ሳይርቅ አብዱልረሱል የሚባል የባሪያ ገበያ ነበር። በፈቃዳቸው ሳይሆን ተነድተው በዚያ ቁልቁለት የወረዱ ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ ነበሩ። እነሱን "ደከማችሁ ወይ?" ብሎ በአክብሮት የሚጠይቅ አልነበረም። ሰው በራሱ እርምጃ መሄድ መቻሉ፣ ደክሞኛል ብሎ መሰማቱ፣ ምን ያህል ትልቅ ክብር እንደሆነ እነሱ ያስታውሱናል። ጓደኛችሁን ቆማችሁ ስትጠብቁት ያንን ክብር ነው የምታከብሩት።

አሁን ደግሞ ንግግሬ ከኋላ ለምትመጣው፣ ለአንተ ወንድሜ፣ ለአንቺም እህቴ ነው። አማናው የብርቱዎቹ ብቻ አይደለም። አንተም አለብህ። ጉልበትህን ካመመህ ከመነሳትህ በፊት ተናገር። አስም ካለብህ ተናገር። ጫማህ ከቆረጠህ ቁስል ሳይሆን ተናገር። በኩራት ዝም ብሎ፣ ሌሎችን ለመምሰል ራስን ገድሎ፣ መጨረሻ ላይ ወድቆ ሸክም መሆን ሰብር አይደለም። ይሄ ከራስ ጋር መዋሸት ነው፣ ሌሎችንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ዛሬ በምንቀራው ሱረቱል ከህፍ ውስጥ ሙሳ (ዐ.ሰ) አሉ። ከወጣት አገልጋያቸው ጋር ረጅም ተጉዘው ድካም ሲሰማቸው አልደበቁም። ጉዞው እንዳደከማቸው ተናግረው ምሳ እንዲቀርብ አዘዙ። ነቢይ ናቸው! ወጣቱ ስለ ዓሣው ያስታወሰው ያን ጊዜ ነው፤ የሚፈልጉትን ቦታ አልፈውት ሄደዋል። ሙሳ ደክሞኛል ባይሉ ኖሮ ግባቸውን ከኋላ ትተው መራመዳቸውን ይቀጥሉ ነበር። አንዳንዴ "ደክሞኛል" የሚለው ቃል ቡድኑን ሁሉ ከተሳሳተ መንገድ ይመልሳል። ደግሞም ሽማግሌውና ወጣቱ አብረው ተመለሱ፣ አንዱ ሌላውን አልወቀሰም።

እንግዲህ ለቀጣዩ ጉዟችሁ ጥቂት ነገሮች፦

አሚር ምረጡ። ሦስት ሆኖ የወጣ እንኳ አንዱን አሚር እንዲያደርግ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መክረዋል። አሚር የሚሆነው የግድ ፈጣኑ አይደለም፣ ዞሮ የሚያየው ነው።

ከመጨረሻው ሰው ኋላ የሚሄድ አንድ ብርቱ ሰው መድቡ። ማንም ከእሱ ኋላ እንዳይሆን። ይህ ቦታ ቅጣት አይደለም፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የመረጡት ቦታ ነው። በየተራ ይሁን፣ ሁሉም አጅሩን ይካፈል።

የመመለሻ ሰዓት አስቀድማችሁ ወስኑ፣ ጫፍ ደረሳችሁም አልደረሳችሁም። ሰዓቱን ለሰላት ወቅቶች አስማሙት። ዙህርና ዐስር የእረፍት ቦታዎቻችሁ ይሁኑ።

የሚንገዳገድ፣ ቃሉ የሚምታታበት፣ ወይም ራስ ምታቱ እየባሰ የሚሄድ ሰው ካያችሁ ወደ ላይ አንድ እርምጃ አትጨምሩ። ውረዱ። ብቻውንም አትላኩት።

የአካባቢው ሰላም እንዴት እንደሆነ የቦታውን ሰው ሳትጠይቁ አትነሱ። ሰሜን ሸዋ በእነዚህ ዓመታት ከባድ ጊዜ አይቷል። የገበሬውን ማሳ አትርገጡ፣ አዝመራ ላይ አትቀመጡ። የእናንተ ልምምድ የእሱ ኑሮ ነው፤ እናንተ በወር አንዴ የምትወጡትን ዳገት እሱ በገበያ ቀን ሁሉ ተሸክሞ ይወጣዋል። ሰላምታ ስጡት፣ መንገዱን ልቀቁለት።

በመጨረሻ፣ ከተራራው ወርዳችሁ ዙሪያችሁን እዩ። ቁርኣን አብሯችሁ ጀምሮ አሁንም ሁለተኛው ጁዝእ ላይ ያለ ልጅ አለ። አብሯችሁ ተመርቆ እስካሁን ሥራ ያላገኘ፣ ስታወሩ ዝም የሚል ጓደኛ አለ። ትናንት ሰላት የጀመረና ፋቲሓን ገና የሚንተባተብ አለ። እነዚህ ሁሉ ከአልዩ አምባ ዳገት ላይ ከኋላ የቀሩ ናቸው። ወደ ጀነት የምንሄደውም በጀማዓ ነው፤ አላህ የጀማዓችንን ብርታት ከፊት ባለው ፍጥነት ሳይሆን ከኋላ ባለው ላይ ባለን እዝነት ቢመዝነውስ?

ጫፉ ላይ ደርሳችሁ ፎቶ ልትነሱ ስትሰለፉ መጀመሪያ ቁጠሩ። አሥራ አንድ ከሆናችሁ ስልኩን ኪስ ውስጥ መልሱትና ውረዱለት።

አላህ ጉልበታችንን ለደካማው መደገፊያ ያድርግልን። ከኋላ ስንቀር የሚያነሳን ወንድም፣ ከፊት ስንሆን ዞረን የምናይበት ልብ ይስጠን። መንገደኞቻችንን በሰላም ይመልስልን፣ አገራችንንም ሰላም ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። መልካም ጁሙዓ ይሁንላችሁ።